ዘይቡን የሕንድ ተዋናይት ላደረጓት ጓድ

ለተከበሩ ጓድ ጎሳዬ፣ የአብዮት በዓል ማስጌጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ጅማ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? በየጥጉ የሚያዳምጡልዎ ሰዎችስ ጆሯቸው ደኅና ነው? እኔ በእርስዎ ትጋት ሥራ ፈትቼ፣ አልሐምዱሊላህ፣ የማላውቀውን ዕረፍት አግኝቻለሁ።

እኔ ሄርማታ ገበያ አጠገብ የልብስ ሰፊዎችንና የሻይ ቤቶችን ታፔላ የምጽፈው ቲጃኒ አባቦራ ነኝ። ለበዓሉ ቡና የምትለቅም ሴት በትልቁ እንድሥል ሲያዙኝ፣ የአሰንዳቦዋን ቡና ለቃሚ ዘይቡን ለምኜ አስቀመጥኋት። አገጯ ላይ ካለችው ጠባሳ ጋር፣ የጎደለ ጥርሷን ሳትደብቅ ስትስቅ ሣልኋት።

አንደኛው ቅሬታዬ ይህ ነው። እርስዎ ሥዕሉን ሊያዩ መጥተው፣ «ይህች ሴት ደክማለች፤ አብዮት ደግሞ አይደክምም» አሉ። ከዚያም ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ወደተለጠፈችው የሕንድ ተዋናይት እየጠቆሙ፣ «ሕዝቡ የሚወደው እንዲህ ያለውን ፊት ነው፤ ይህንን አድርግላት» ብለው አዘዙኝ። እኔም የደንበኛን ቃል መፈጸም የለመድኩ ነኝና ዓይኗን አስረዘምኩ፣ ቅንድቧን አቀጠንኩ፣ ጥርሷን ሞላሁ። ሐኪም ያላየላትን ጥርስ በብሩሽ ስላሳከሙላት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

በበዓሉ ቀን ዘይቡ ልጇን ይዛ በጭነት መኪና ተሳፍራ መጣች። ሥዕሉ ሥር ቆማ ትክ ብላ አየች።

«ቲጃኒ፣ ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

«እኔ ከሆንኩማ ባሌ እንዳያያት፤ ሁለተኛ ላግባ ብሎ ይነሣል» ብላ ሳቀች። ልጇ ግን «እማዬ፣ አንቺስ የት አለሽ?» ብላ ስትጠይቃት ሳቋ ተቋረጠ። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ሁለተኛ፣ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ሥዕሉን የእኅትዎ ባል የአቶ ለይኩን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። የቡናው ቅርጫት ጠፍቶ ሴትዮዋ ጥቅል ናይሎን ታቅፋለች። ቅርጫቱን የሸፈነው ቀይ ቀለም ከኮሚቴው መጋዘን የወጣ መሆኑን በመጠርጠሬ ይቅር ይበሉኝ፤ ቀለም መለየት እንጀራዬ ሆኖ ነው። አቶ ለይኩንን ብጠይቃቸው፣ «ሥዕሉ የሕዝብ ነው፤ እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?» አሉኝ። የሕዝብ ንብረት ከዘመድ ቤት ሳይርቅ መጠበቁን ሳይ ልቤ ረካ።

ሦስተኛ፣ ይህን በጠየቅሁ ማግሥት እርስዎ ፊት ቀረብሁ። ጥፋቴ «የባዕድ ፊልም አምልኮ ማስፋፋት» ተባለ። ፊቱን የመረጡት እርስዎ መሆንዎን ባስታውስዎ፣ «ማስረጃ አለህ?» አሉኝ። የለኝም። ሱቄ ታሸገ።

ብሩሼን ግን ማሸግ ዘንግተዋል። ቤቴ ተቀምጬ ዘይቡን እንዳለች እንደገና ሣልኋትና አሰንዳቦ ድረስ ወሰድኩላት። ልጇ ገና ከደጅ ስታየው «እማዬ!» ብላ ጮኸች። ዘይቡ ሥዕሉን ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችውና የተሣለችውን ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰች።

«ጥሩ ነው» አለችኝ በመጨረሻ። «ግን ይኼኛውን ነበር ሰው ፊት የምታቆመው።»

ምናልባት መልሱ እርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆን ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

ይህንን ደብዳቤ በታሸገው ሱቁ በር ላይ በገዛ እጁ የለጠፈው፣ ለጤናዎና ለሥልጣንዎ እኩል ዕድሜ የማይለምነው፣

ቲጃኒ አባቦራ
ሄርማታ፣ ጥቅምት 1973 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ እንዲጠብቁኝ ካቆሟቸው ሰዎች አንዱ ትናንት ጠጋ ብሎ፣ ለእናቱ የሚልከውን ምስሉን እንድሥልለት ለመነኝ። «አደራህን እንዳታሳምረኝ፤ እናቴ ትለየኝ» አለኝ። ጀምሬለታለሁ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጉ አንድ በአንድ ፊታቸውን ይመልከቱ፤ እስከ ዛሬ አይተዋቸው እንደማያውቁ እጠረጥራለሁ።