ፊሽካውን ወስጄዋለሁ

እትዬ፣

ጨዋታው አራት ሰዓት ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሁለት ሰዓት ነው። ይህን ስታነቢ ልጆቹ ጨርሰው ላባቸውን እየጠረጉ ይሆናል። እንዳትሮጪ፣ ጉልበትሽ አይችልም።

ሻይ በፔርሙስ አለልሽ። የጉልበትሽን ቅባት ከዚህ ወረቀት ጎን አድርጌዋለሁ።
ፊሽካውን ወስጄዋለሁ።

አንቺ መረብ ኳስ ስታሰለጥኚ፣ እኔ ኳስ ስለቅምና ውሃ ሳመላልስ ዝም ያልኩት ታላቄ ስለሆንሽ ነው። ኳስ የሳተችውን ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ታቆሚያለሽ። ቀጭኗን ልጅ በጓደኞቿ ፊት «የመረቡ እንጨት ካንቺ ይሻላል» አልሻት። እናቷ ስትመጣ ደግሞ፣ «እኔ እኮ በነጻ ነው የማገለግለው!» በነጻ ስለሆነ ስድብሽም ምጽዋት መሰለሽ?

ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቆም ምን እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ፤ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።
እሱን ተይው።

ዛሬ እንኳ ሳይሸማቀቁ ይጫወቱ ብዬ ነው።

ደግሞ ሜዳ ድረስ መጥተሽ «ልጆቼ ይወዱኛል» እንዳትይኝ። ትኩሳት የጣለሽ ሳምንት ልጆቹ ሜዳው መሃል ተቃቅፈው ሲጸልዩ አገኘኋቸው። እንዲምርሽ መስሎኝ እኔም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ትንሿን «ምን ብላችሁ ነው የጸለያችሁት?» ብላት፣ «አሰልጣኝ ሌላ ሳምንትም እንድትተኛልን» አለችኝ።

ደግሜ አሜን አልኩ።