መሃል ያለው ወንበር

ጥቅምት 6

ለሚ ኩራ ሳይት ላይ ሲሚንቶ አልመጣም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ቁጭ... ማታ አትላስ ከፍቅረኛዬ ከአቢ ጋር ማኪያቶ ጠጣን። «እሁድ እነ እማዬ ጋ እንሂድ» አለኝ። ይህን ቃል ስጠብቅ ስንት ጊዜዬ። ደስታዬ ግን ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። «ሰብሊም ትኖራለች» ብሎ ጨመረበት።

ሰብሊ... የድሮ ፍቅረኛው። እዚያ ቤት ምን ትሠራለች?

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ሳሊተ ምሕረት፣ እነአቢ ቤት ሄድኩ። አበባ ይዤ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ። በሩን ማን ቢከፍትልኝ ጥሩ ነው? ሰብሊ። የቤቱን ሸበጥ አድርጋ። «ግቢ፣ ቤትሽ ነው» ትለኛለች ደግሞ።

ቤቱ ጉድ ነው። የአቢ አባትና እናት ተኳርፈዋል፤ ከተነጋገሩ ዓመታት አለፉ። ጋሽ ዓለምሰገድ ሆስፒታል ሳሉ ሐኪሙ ተስፋ ቆረጠ፣ እትዬ ዘርፌም ለእድሩ ነገሩ። ሰውዬው ድነው ሲመጡ የለቅሷቸው ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሎ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በሰብሊ በኩል ነው። መሃላቸው ያለው ወንበር የሷ ነው።

«ሰብልዬ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል በያት።»

«ለሞተ ሰው ጨው ምኑ ነው? በዪው።»

«ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ትቀንሳለች» አለች ሰብሊ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሲሸኙኝ እትዬ ዘርፌ ስሜን ጠየቁኝ። ረሆቦት፣ አልኳቸው። «ይለመዳል» አሉ።

ጥቅምት 10

እንቅልፍ የለም። ቅናት ነው፣ ምን እደብቃለሁ?

ጥቅምት 20

አቢን ያዝኩት። «ትወዳታለህ?»

«ኧረ ረሆ! እሷ ካልመጣች ማን ያነጋግራቸዋል?»

«አንተስ?»

«እኔንማ ታዳላለህ ይሉኛል።»

እሺ... እኔስ? ምን አንሶኝ?

ኅዳር 14፣ እሁድ

ቀደምኳት። በጠዋት ሄጄ መሃል ያለው ወንበር ላይ ጉብ። ሰብሊ ገብታ አየችኝ። ትቆጣለች ስል ጥግ ይዛ ሻይዋን ጠጣች፣ ቶሎ ወጣች። ለምን?

ጋሽ ዓለምሰገድ «ያን ጥቁር ቀሚስ ከቁም ሳጥኑ ታውጣልኝ በያት» አሉ። ለሳቸው ለቅሶ የተሰፋው ነው።

«ገና ይለበሳል በዪው።»

«ጋሼ፣ ፋሽኑ ስላላለፈበት ነው» አልኩ። ሳቁ። ሁለቱም፣ አንድ ላይ። እትዬ ዘርፌ ሲሸኙኝ «ረሆዬ» አሉኝ። ዛሬስ ጥጋብ በጥጋብ ሆኜ ገባሁ።

ታኅሣሥ 9

ሰብሊ ከዚያ ወዲህ ዝር አላለችም። የኔ ስልክ ግን... ዛሬ ስብሰባ ላይ እትዬ ዘርፌ ደወሉ። «ሸሚዙ ተተኩሷል በዪው።» ሁለቱም ሳሎን ናቸው እኮ! ለጋሼ ደወልኩላቸው። «ማን ተኩሺ አላት በያት።» መልሼ ደወልኩ። አለቃዬ ገላመጠኝ። ለአቢ ብነግረው «ወደውሽ ነው» አለ፣ ኳስ እያየ።

ከሥራ ስወጣ አትላስ ሰብሊን አየኋት። ብቻዋን፣ ኬክ ይዛ፣ ፊቷ ወዝ በወዝ ሆኖ። ልሸሽ ስል ጠራችኝ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች። ለሽሙጥ መስሎኝ ነበር። ከልቧ ነው። «ከአቢ ከተለያየን በኋላ እንኳ መቅረት አቅቶኝ ነበር። እነሱን ለማን ጥዬ ልሂድ? አንቺ ስትቀመጪ...» ኬኳን ቆረሰች።

ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ዓለምሰገድ። የሷ ስልክ ሳህኑ አጠገብ ዝም ብሎ ተኝቷል። ቀናሁባት። እንዲህ ቀንቼ አላውቅም።

«አቤት ጋሼ» አልኩ።