ዳርናት አልን

መስከረም 3
ዝናብ። የዛሬው ጨዋታ ተሰርዟል። አባዬ ግን ከበሮውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ስታዲየም ደርሶ መጣ። "ተሰርዟል እኮ" ስለው፣ "ቢያባራስ?" ባቡር ሲነዳም ለሚሶራ፣ ጡረታ ወጥቶ ሲጨፍርም ለሚሶራ። የቤዝቦል ቡድኑ የሚሶራ ምድር ባቡር ነው፤ እኔም የምሠራው እዚያው፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ቤታችን የሚገባው ሩዝ ሁሉ ከዚያው ነው።

መስከረም 9
ሥራ አስኪያጁ አቶ ኡጋኪ "በሩን ዝጊው" አሉኝ። ቡድኑ ሊሸጥ ነው። ገዢው ሩቅ ደቡብ ያለ የኑድል ፋብሪካ... ጠቅልሎ ወደዚያው ይወስደዋል። "ስታዲየሙ ባዶ ነው፣ ተጫዋቾቹ ልጆች በእኛ እጅ እየጫጩ ነው። ምን ላድርግ?" እውነታቸውን ይሆን? ለማንም ትንፍሽ እንዳልል። መግለጫውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

መስከረም 10
እራት ላይ ዓሣውን ሳልነካው ተነሳሁ። "አመመሽ እንዴ?" "ደክሞኝ ነው አባዬ።" ውሸታም!

መስከረም 17
አቶ ኡጋኪ መግለጫውን አነበቡና አንዷን ቃል በቀይ ሰረዟት። "ሚዩሪ።" ቡድን ሲሸጥ አገር ሁሉ የሚለው ይህንኑ አይደል? ድሮ ድሃ ቤተሰብ ሴት ልጁን ሲሸጥ ይባል የነበረ ቃል... "ጋዜጦቹ ይበሉት፣ እኛ አንልም። ልጃችንን ለደህና ቤት ዳርናት ብለሽ ጻፊ።" ጻፍኩ። ሽያጭን ሠርግ አልኩት። ራሴን ጠላሁት።

መስከረም 24
ወጣ። አባዬ ጋዜጣውን ደጋግሞ አነበበው።
"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"
ሻይ ቀዳሁለት።
"ታውቂ ነበር ማለት ነው።"
ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ከበሮውን ይዞ ወጣ።

መስከረም 26
የደጋፊዎች ስብሰባ። አቶ ኡጋኪ አጎንብሰው ይቅርታ ጠየቁ። ከኋላ አንዱ "ልጅ ሻጭ!" ብሎ ጮኸ። አባዬ ተነሳ።
"ጌታዬ፣ ዳርናት ብላችኋል አይደል?"
"አዎ... እንደዚያ ብለናል።"
"እሰይ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፣ ደንቡን አውቃለሁ። ሙሽራው የታለ? ደጃችን መጥቶ እጅ የነሳው መቼ ነው?"
ሳቅ። ሥራ አስኪያጁን ላብ አጠመቃቸው።
"መልሱስ? የተዳረች ልጅ ወላጆቿን ልታይ አትመጣም? መልስ ከሌላት ተሽጣለች። ያኔ ቃሉን አስተካክላችሁ ጻፉ።"
ይህን ሁሉ ሲል አንዴም ወደኔ አላየም። ያጠመዳቸው ግን በእኔው ጽሑፍ ነው።

ጥቅምት 2
የፊርማው ቀን። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ። አቶ ኡጋኪ የመልሱን ነገር አነሱ። የኑድሉ ባለቤት ሳቀ። "ለአንድ ጨዋታ ይህን ሁሉ መንገድ? ለምኔ?"
"ዳርናት ብለናል" አሉ አቶ ኡጋኪ። "መልስ ከሌለ አልፈርምም።" ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ሰውዬው ተነስቶ ቢሄድስ? ሌላ ገዢ ከየት ይመጣል? ቡድኑ እንዲያው ቢበተንስ?
ሰውዬው በመስኮቱ ባቡር ሲያልፍ አየና፣ "እሺ፣ በዓመት አንዴ" አለ።
ለአባዬ ነገርኩት። "ትንሽ ናት" አለ። ካኮረፈኝ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ። ማታ ሩዙን ቀድሞ ለእኔ አወጣልኝ።

ግንቦት 11
መጡ! አዲስ ማሊያ፣ ደረቱ ላይ ኑድል ተጽፎበታል። ሚሶራ የሚል የለም። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ... ይህ ሁሉ ሰው አምና የት ነበር? ዘጠኝ ለዜሮ አሸነፉ። ልጆቹ ፊታቸው ወዝቷል፣ አሯሯጣቸውም ሌላ ሆኗል። መሸጡ ልክ ነበር እንዴ? እንጃ።
አባዬ ከበሮውን አልመታም። ጭኑ ላይ እንዳቀፈ አፍጥጦ ያያቸዋል።
"አባዬ፣ አሸነፉ እኮ!"
"አየሁ።"
"ታዲያ ምነው?"
አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።
"ልጃችን ከስታለች" አለ።