ጓድ ጣይባ እንድሪስን ስለማጣታችንና በኩሬው መረብ ስላለመጣሉ

ለጣቢያው ሠራተኞች፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች በሙሉ፤

የኮምቦልቻ ዓሣ እርባታና ምርምር ጣቢያ ከፍተኛ ተመራማሪ የነበሩት ጓድ ጣይባ እንድሪስ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 3 ቀን 1980 ዓ.ም. በሞት ተለይተውናል። በዚያው ዕለትም በትውልድ ቦታቸው በሐርቡ ተቀብረዋል። ጣቢያው ቀኝ እጁን አጥቷል፤ ይህን የምንለው ለወጉ ያህል አይደለም።

በ1971 ዓ.ም. ከአርድቦ ሐይቅ የመጡት ቆሮሶ የተባሉ ዓሣዎች ኩሬያችን በገቡ በሳምንቱ ሞተው ተንሳፈፉ። ግማሹ ሰው ዓይን በላቸው አለ። ጓድ ጣይባ ግን ውኃውን መረመሩ። የምንጩ ውኃ ካልሲየም ስለሚያንሰው በዓሣዎቹ ደም ውስጥ ያለው ጨው በሚተነፍሱበት አካል በኩል እየሾለከ ያልቅ ነበር። ኖራ በልክ አስጨመሩ፤ ቀጥለው የመጡት ዓሣዎች ኖሩ።

በ1974 ዓ.ም. ሴቷ ዓሣ ዕንቁላል ስትቋጥር የጎደላትን ካልሲየም ከገዛ ቅርፊቷ እየቀነሰች እንደምትሰጥ በጥናት አሳዩ። በመራቢያ ወራት መረብ እንዳይጣል የሚለው ደንባችን የመጣው ከዚህ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዓሣው ለረሃብተኞች መጠለያው ሲታደል አንድም ሳይቀር ይውጣ የሚል ሐሳብ በስብሰባ ቀረበ። የተራበ ሰው በር ላይ ቆሞ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚያንገበግብ የነበረ ያውቀዋል። እርሳቸው እያለቀሱ፣ «ወላሂ፣ እናቲቱን ዛሬ ከበላናት ለከርሞ ለእነዚህ ሰዎች ምን እንሰጣቸዋለን?» አሉ። እናቶቹ ዓሣዎች ተረፉ፤ በዓመቱ መጠለያው የበላው ልጆቻቸውን ነው።

እንደ አገሩ ወግ ሥጋ ሲሆን እስላሙና ክርስቲያኑ ማዕዱን ይለያል። ዓሣ ግን የማንም የእርድ ቢላዋ ስለማያርፍበት ሁላችንንም ከአንድ ትሪ ሲያበላን የኖረው የእርሳቸው ኩሬ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ለሰደቃቸው ከኩሬው ዓሣ እንዲወጣ ተስማምቶ ነበር። የኩሬው ኃላፊ ጓድ ደምመላሽ እንየው መረቡን ይዘው ወርደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ሴቶቹ ዓሣዎች እስኪፈለፈል ድረስ ዕንቁላላቸውን በአፋቸው ይዘዋል። ይህን ለሟቿ እናት ለወይዘሮ መርየም ስንነግራቸው፣ «ተዋቸው ልጆቼ፣ እነሱም እናት ናቸው። የጣይባ ሰደቃ አይቸኩልም» ብለውናል።

በመሆኑም ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ መረብ አይጣልም። ሰደቃው ከዚያ በኋላ በአንድ ትሪ ይበላል።

ለባለቤታቸው ለአቶ በሺር፣ ለወይዘሮ መርየም፣ ለዕድራቸው ለቅሬውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ቆሮሶ ልጆቿን በአፏ ይዛ ሳለች ምግብ አትቀምስም። ወይዘሮ መርየምም ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሱም። ለለቅሶ ሐርቡ የምትደርሱ ሁሉ፣ እባካችሁ አጉርሷቸው።

የጣቢያው አስተዳደር
መጋቢት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ