የአዴ ሲምቦ ክፍል

ኖቬምበር 4፣ እሁድ

በረዶ ጣለ። ስስ ነው፣ አይቆይም። ከቸርች መልስ ሚስቴ ጊፍቲ እናቷ አዴ ሲምቦ ከነቀምት ሲመጡ የሚያርፉበትን ክፍል ስታሰናዳ ዋለች። አዲስ ብርድ ልብስ፣ አዲስ መጋረጃ። ከዚያ ጠራችኝ።

"ና እስቲ፣ ግባ።"

ገባሁ። ቤቱ ሁሉ ይሞቃል፣ ያ ክፍል ብቻ ፍሪጅ። ከግድግዳው ስር የተዘረጋው ሂተር ቤቱን ከገዛን ጀምሮ እንደዚሁ ነው። "እናቴን እዚህ ነው የምታስተኛት?" አለች። የሚመጡት ጃንዋሪ ነው፣ ገና ጊዜ አለ አልኳት። ከኦገስት ጀምሮ ጊዜ አለ እያልኩ ነው... ሳቀች ግን። ሰሞኑን ምኑም ምኑም ያስቃታል።

ኖቬምበር 6፣ ማክሰኞ

ምን ብዬ ልጻፍ።

ኤደን ፕሬሪ፣ ዌርሃውስ ስራ ላይ ሆኜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ባይሳ ደወለ። ነቀምት ያለው የጊፍቲ ወንድም። እሷን ትቶ ለኔ ሲደውል ገና ሃሎ ሳይል ገባኝ። አዴ ሲምቦ አርፈዋል። ትናንት ራሴን አመመኝ ብለው ጋደም አሉ፣ በዚያው አልተነሱም። ደም ግፊት ነው ይላል።

መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ለኦቦ ዱጋሳ ደወልኩ፤ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፣ እንዲህ ያለውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። መርዶ ለብቻ አይነገርም አሉ። ቅዳሜ ስራ የላትም፣ ንጋት ላይ ተሰብስበን እንመጣለን፤ እስከዚያ ማንም እንዳይደውል፣ ፌስቡክ ላይም ማንም እንዳይለጥፍ። እስከ ቅዳሜ... እንዴት ብዬ ነው ፊቷን የማየው?

ቤት ስገባ እራት አቀረበች። ሂተሩን ዛሬ ታየዋለህ ወይ አለች። አየዋለሁ አልኩ።

ኖቬምበር 7፣ ረቡዕ

እናቷ ስልክ አያነሱም ብላ ተጨነቀች። ገጠር ሄደዋል፣ ኔትወርክ የለም ብሏታል ባይሳ። አመነች። አንዱ የማይሆን ነገር ለጥፎ እንዳታይ ዋይፋዩን ነቅዬ ተበላሸ አልኳት። የስልኳ ዳታም አልቋል፣ ተመስገን። "ሂተሩም ኢንተርኔቱም ባንዴ? አንተን ያየ ሁሉ ይበላሻል" ብላ አሾፈችብኝ። ሳቅሁ። አፈርኩ።

ሂተሩን ብተወው ትጠረጥራለች። ክዳኑን ነቀልኩ፣ በውስጡ የተደረደሩትን ስስ ብረቶች በቫኪዩም ጠረግሁ። የስንት ዓመት አቧራ! አልጋውንም ከግድግዳው አራቅሁ። ለውጥ የለም። ቧንቧውን በእጄ ተከተልኩት፤ መግቢያው ያቃጥላል፣ ሁለት እርምጃ አልፎ በረዶ ነው። ቤዝመንት ወርጄ ውሃውን የሚያሞቀውን ቦይለር አየሁ፣ ደህና ነው።

ባትሪ የምታበራልኝ እሷ ነበረች። "እግሯን ነው የሚበርዳት፣ ሌላው አይደለም" አለች። መፍቻ ረሳሁ ብዬ እንደገና ቤዝመንት ወረድኩና አለቀስኩ።

ኖቬምበር 8፣ ሐሙስ

ተሰራ። ቧንቧው ውስጥ የታፈነ አየር ነው። አየር ብቻ!

ቧንቧው ጫፍ ላይ ለካ ትንሽ ማስተንፈሻ አለች። የድሮው ባለቤት ቀለም ቀብቶባት ሳላያት ኖሬ። ቀለሙን በቢላ ፋቅሁ፣ ከስር ጣሳ አኖርኩ፣ በካቻቢቴ ጥቂት ላላ ሳደርጋት እስስስ አለች። ተነፈሰች፣ ተነፈሰች... ከዚያ ጥቁር ውሃ መጣ። ዘጋኋት። ቧንቧው እስከ ጫፉ ሞቀ። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ቪዛው የወጣላቸው ኦገስት ላይ ነው። ጊፍቲ ሴፕቴምበር ይምጡ አለች። ክፍሉ አይሞቅም፣ ሂተሩ ይሰራና ከገና በኋላ ይምጡ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰበብ ነው። አማት ስድስት ወር ሙሉ ቤቴ ሊቀመጡ... ከስራ ገብቼ እንደልቤ ሶፋ ላይ መጋደም ፈልጌ ነው። ይኸው ነው። ምን ክፉ አድርገውኝ ያውቃሉ? ምንም። መጥተው ቢሆን ሐኪም ያያቸው ነበር። ምናልባት ይተርፉ ነበር።

ጊፍቲ ገባች። ሂተሩን ነካችው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። "ተባረክ" አለችኝ።

ኖቬምበር 9፣ ዓርብ

ልነግራት ነበር። አልቻልኩም። ለስራ እየተዘጋጀች ሌክ ስትሪት ሱቅ ውስጥ ያየችውን ወፍራም ካልሲ ነገ ለእናቷ እንደምትገዛ ነገረችኝ።

ኖቬምበር 10፣ ቅዳሜ

ንጋት ላይ መጡ። አስራ አራት ሰው፣ ኦቦ ዱጋሳ ከፊት። ሴቶቹ ከጃኬታቸው ስር ነጠላ ለብሰዋል። ጊፍቲ ድምፅ ሰምታ ከመኝታ ቤት ወጣች። አንድ በአንድ አየቻቸው፣ በመጨረሻ እኔን። እናቷን የምትጠራው ሃርሜ ብላ ነው።

"ሃርሜ?" አለች።

ጩኸቷን አልጽፈውም።

ሳሎኑ አልበቃ ሲል ሴቶቹ ያንን ክፍል ከፍተው ፍራሽ አነጠፉ። አንዷ ይሄኛው ክፍል እንዴት ደስ ይላል፣ ይሞቃል አለች። ሰምቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ኖቬምበር 14፣ ረቡዕ

ሰው ተመናመነ። ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሻይ ይዤ ገባሁ። እዚያው መሬት ላይ ናት፣ ጀርባዋ ሂተሩ ላይ።

"መቼ ሰማህ?" አለች።

"ማክሰኞ።"

"ሂተሩን የሰራኸው ሐሙስ ነው።"

"አዎ።"

"ምን ያህል ፈጀብህ?"

መዋሸት እችል ነበር። ሃያ ደቂቃ አልኳት። ከዚያ ሳትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። ሂተሩ ሰበብ እንደነበር፣ እናቷ እንዲመጡ እንዳልፈለግሁ። ትነሳብኛለች፣ ውጣልኝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትለኝም ደግ።

"አውቅ ነበር" አለች። "ያኔ ስትናገር ነው የገባኝ። ከምንጣላ እሷ ትቆይ ብዬ ዝም አልኩ። እናቴን እኔው አቆየኋት።"

አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኳት። አልሰማችኝም። ደጋግሜ አልኳት። አለቀሰች፣ እንደ ቅዳሜው ሳይሆን ድምፅ ሳታሰማ።

ከጎኗ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ሂተሩ ላይ አድርጌ። ፈቀቅ አላለችም፣ ጠጋም አላለችም። ቧንቧው ያለ ችግር ይሰራል። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥን፣ ሻዩን ማንም አልነካውም።