ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ለነቀሉት ክቡር የስምሪት ኃላፊያችን

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊያችን፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? እኛ ከአንድ ሟች በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። መርዶው ከባድ ስለሆነ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ፤ የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ ገና ያልተላጠለት አዲሱ መኪናችን ባለፈው ሰኞ ጠዋት በግቢያችን መካከል፣ በክቡር እጅዎ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

እኔ መኪና አጣቢው ነኝ። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ስለተለያየን ፊደል ብገድፍ ይለፉኝ። «በቸልተኝነት መኪና አቃጥሏል» ተብሎ የታገደው ሹፌር የእናቴ ወንድም ነው።

አንደኛ፦ እንደሚያውቁት በግቢያችን ደህና ባትሪ ማለት አንድ ነው። አንዱን መኪና ያስነሳል፣ ሞተሩ እየሠራ ይነቀላል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አሮጌዎቹ ለምደውታል። አዲሱ መኪና ሲመጣ ግን ባትሪው ዓይንዎን ስለሳበው እሱም ዙሩን ይግባ አሉ። አጎቴ «አለቃ፣ ይሄኛው ኮምፒውተር አለው፤ ሞተሩ እየሠራ ከነቀልነው ኃይሉ ዘሎ ያቃጥለዋል፣ ባትሪ ከባትሪ የሚያያይዝ ገመድ ላምጣ» ቢልዎት፣ «ባትሪ ባትሪ ነው፤ አንተ ንዳ እንጂ አታስተምረኝ» ብለው ኮትዎን አውልቀው፣ አሥር ቁጥር ቁልፍ ተቀብለው፣ ራስዎ ነቀሉት። ዳሽቦርዱ እንደ ሠርግ ቤት ቦግ አለና ጭልም አለ። ስላሳዩን ትርኢት ከልብ እናመሰግናለን። በዚያች ቅጽበት ሹፌሮቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው የጎማ አየር መፈተሽ የጀመሩት ለሥራ ባላቸው ፍቅር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ባትሪው ላይ ያጎነበሱት ሲጋራዎን በአፍዎ እንደያዙ ነበር። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ለአንዲት ብልጭታ የሚፈነዳ ቢሆንም ክብርዎን አይቶ ታግሷልና ቅንድብዎ ስለተረፈ ደስ ብሎናል። የነቀሉትንም ባትሪ ወንበር ላይ አጋድመው አሲዱን ካፈሰሱት በኋላ እዚያው ላይ ስለተቀመጡ፣ በማግስቱ በጠሩት ስብሰባ ጀርባዎን ሰጥተው ስለ ጥንቃቄ ሲያስተምሩን አሲዱ ሱሪዎ ላይ በከፈተው መስኮት ብዙ ተምረናል።

ሦስተኛው ቀልድ የለበትም፣ አዝናለሁ። አጎቴ ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ይቆምና ተመልሶ ይገባል። ሬዲዮኑን ፈታ፣ የበሩን ማጠፊያ ፈታ፣ ምድጃውን ፈታ። አክስቴ «ይሄ ሰውዬ ሥራ ካልገባ ነገ እኔን ይፈታኛል፤ ፈትቶ ደግሞ መግጠም አይችልም» ትላለች። ትስቃለች፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ ትቆያለች። መኪና በእጁ ተጭሮ የማያውቅ ሰው፣ እርስዎ ባጠፉት ጥፋት እንደተያዘ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ማየት ያናድዳል። በጣም ያናድዳል፣ ክቡርነትዎ።

ዕድሜዎን እንደ አሮጌዎቹ መኪኖች ያርዝምልዎ እያልኩ፣ ጎማዎን ሳጥብ በአክብሮት የምንበረከክ ታዛዥዎ፣
ነገረኛው አጣቢ

ተጨማሪ፦ ዛሬ ጠዋት መብራቱን ሳያጠፉ ያሳደሩት የራስዎ አዲስ መኪና አልነሳ ብሏል አሉ። ሹፌሮቹ ኮፈኑን ከፍተው፣ አሥር ቁጥሩን ቁልፍ ወልውለው፣ በእርስዎ ዘዴ ሊያስነሱልዎት ተሰልፈው እየጠበቁ ናቸው፤ ባትሪ ባትሪ ነው ይላሉ። ገመድ የት እንዳለ የሚያውቀው አጎቴ ነው። ደግሞም ሳስበው ነገሩ ይህን ያህል ደብዳቤ የሚያስጽፍ አልነበረም፤ እዚያው እነሱ ፊት ቆመው «የነቀልኩት እኔ ነኝ» ቢሉ ያልቃል። ትንሽ ነገር ናት።