እናትሽን ኤፌሶን ወስጃቸው መጣሁ

ሰብሊዬ፣

ያለ አንቺ ሁለተኛውን ፋሲካ አሳለፍን። ነፍስሽ በሰላም እንዳለች አምናለሁ። እኛ ደህና ነን። ያው ሄይዋርድ፣ ያው ቤት። ማህሌታችን ትምህርቷን ጨርሳ ፕሌዘንተን ከተማ ሥራ ጀምራለች። እኔም አሁንም ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር አመላልሳለሁ፤ ወገቤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ዛሬ የምጽፍልሽ በተለይ ስለ እናትሽ ነው።

ለእሳቸው ቃል የገባሽውን የመርከብ ጉዞ ታስታውሻለሽ? ታመሽ አልጋ ላይ ሆነሽ እንኳ የባሕሩን ዳርቻ በስልክሽ እያሳየሻቸው «እማዬ፣ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላትን ኤፌሶንን በእግርሽ ትረግጫታለሽ» ትያቸው ነበር። ካረፍሽ በኋላ እኔ ካንስል ላደርገው ነበር። እምቢ ያለችው ማህሌት ናት። ለመርከብ ድርጅቱ ደውላ በአንቺ ቦታ የእኔን ስም አስገባች፤ አብራን ልትሄድም ለራሷ ትኬት ቆረጠች። «ዳዲ፣ ማሚ ለአያቴ ፕሮሚስ አድርጋላታለች» አለችኝ።

ቤታችን ከአንቺ በኋላ ጭር ብሎ ነበር። ከአርባሽ ወዲህ እናትሽ እኔ ባለሁበት ስምሽን አንስተው አያውቁም። እኔም እንዳላስለቅሳቸው ስለምፈራ ዝም እላለሁ። ከሥራ ስገባ የምሳ ዕቃዬን ተቀብለው «ደከመህ?» ይሉኛል፤ «ደህና ነኝ እማማ» እላቸዋለሁ፤ ከዚያ እሳቸው ወደ ክፍላቸው፣ እኔ ወደ ክፍሌ። ጉዞው ሲቃረብ ደግሞ ዳላስ ካለው ወንድምሽ ጋር ስልክ ማዘውተር ጀመሩ። እኔ ስገባ ይዘጉታል። ሊሄዱ እንደሆነ ጠረጠርኩ፤ ለመጠየቅ ግን አቅም አጣሁ።

መርከቧ ጠዋት ቱርክ አገር አወረደችን። አውቶቡሱ የባሕሩን ዳር ይዞ ሲጠማዘዝ በአንድ በኩል ውሃው ከሰማዩ ጋር ተገጣጥሟል፣ በሌላው በኩል ኮረብታው በወይራ ዛፍ ተሸፍኗል። እናትሽ ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮት ዳር ተቀምጠው ዓይናቸውን ከባሕሩ አልነቀሉም። አስጎብኚያችን፣ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ቱርካዊት፣ «እመቤታችን ማርያም የመጨረሻ ዘመኗን እዚያ ተራራ ላይ ነው ያሳለፈችው» ብላ አመለከተችን። ማህሌት ስትተረጉምላቸው እናትሽ ቀና አሉ። «እመቤታችን ያረፈችው ጌቴሴማኒ ነው! ንገሪያት!» ማህሌት በእንግሊዝኛ ስትነግራት ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ለእሳቸው ስል ጌቴሴማኒ ይሁን» አለች። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር።

ኤፌሶን በእብነ በረድ የተነጠፈች ከተማ ናት፤ ድንጋዩ ከመረገጡ ብዛት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። እናትሽን በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላው ማህሌት ደግፈን ፍርስራሽ ቤቶችንና ጣሪያ አልባ ዓምዶችን እያለፍን ወደ ትልቁ ቲያትር ወረድን። ከቲያትሩ ፊት አንድ ሰፊ መንገድ አለ። ድሮ ወደብ ላይ ነበር የሚያበቃው አለችን አስጎብኚያችን። አሁን መጨረሻው ሣር ነው። ወንዙ ደለል እያመጣ ባሕሩን ገፍቶት ሄደ። ወደብ ለወደብ ስለምውል ይሁን አላውቅም፣ ደንግጬ ቆምኩ። መርከብ የለም፣ ጭነት የለም፣ ጫጫታ የለም።

ዞር ስል እናትሽ ጫማቸውን አውልቀው የቲያትሩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለዋል። እግራቸው አብጧል። ሌሎቹ ወደ መውጫው ሄደዋል፤ ማህሌትም እንዲጠብቁን ልትነግራቸው ሮጠች። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ዳንኤል ልጄ» አሉኝ፣ «ስንመለስ ዳላስ ልሄድ ነው። ልጄ ከሌለች እኔ በአማች ቤት ምን አለኝ? አንተም ገና ጎልማሳ ነህ፣ ነገ ሰው ታመጣለህ። ልከብድህ አልፈልግም።»

«እማማ፣ እርስዎ ከሄዱ እኔ ስለ ሰብለ ከማን ጋር አወራለሁ?» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ እኮ ስሟን አንስተህ አታውቅም! የረሳሃት መስሎኝ ነበር።»

«እርስዎን እንዳላስለቅስዎት ብዬ ነው።»

«አስለቅሰኝ እንጂ! ለምን ታፍነኛለህ?»

ሰብሊዬ፣ እዚያው ሰው ሁሉ ፎቶ በሚነሳበት ቦታ እኔና እናትሽ ተያይዘን አለቀስን። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ፣ በልጅነትሽ «ዛሬ ልደቴ ነው» ብለሽ የሰፈሩን ልጅ በሙሉ ጠርተሽ ጉድ ያደረግሻቸውን ቀን ነገሩኝ። ልደትሽ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ እንዴት ይህን ደበቅሽኝ?

ማህሌት እያለከለከች ደረሰች። «ዳዲ፣ ባሱ ሊሄድ ነው! መርከቡ ያመልጠናል!» የእናትሽ እግር ጫማ ውስጥ አልገባ አለ። ጎንበስ አልኩና ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

«በስመ አብ! አማቼ አዘለኝ ልበል? ሰው ምን ይላል?»

«የሚያውቀን የለም እማማ፤ ይታዘሉ።»

አዘልኳቸው። ማህሌት ጫማቸውን ይዛ ከፊት ከፊት እየሄደች የሚያሟልጨውን ድንጋይ ታሳየኛለች። እናትሽ አንገቴን ጨምድደው ግማሹን ጸሎት፣ ግማሹን ሳቅ ያሰማሉ። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ እሳቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። መርከቡ ላይ ሦስታችንም የባሕሩ ዳርቻ እስኪጠፋ ድረስ ከመስኮቱ አልተለየንም።

እንደተመለስን ለወንድምሽ ደውለው «ልጠይቅህ እመጣለሁ እንጂ ለመኖር አይደለም» አሉት። ይህን ያሉት እኔ እየሰማሁ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው።

አሁን ከእራት በኋላ ማንም ወደ ክፍሉ አይሄድም። እናትሽ ከተወለድሽበት ቀን ጀምረው በተራ ያወሩሻል። ማህሌት በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እሳቸው በአማርኛ ይመልሳሉ፣ ይግባባሉ። አንዳንድ ቀን እናለቅሳለን። ማንም ማንንም ዝም በል አይልም።

እናትሽን እጠብቅልሻለሁ። አንቺንም አንረሳሽም። እሳቸው በወሬያቸው ገና አሥራ ሁለት ዓመትሽ ላይ ናቸው፤ እኔን እስክታገኚኝ ድረስ ብዙ ይቀራል። ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ። ስንደርስበት ደግሞ ተራው የእኔ ነው።

ባለቤትሽ ዳንኤል